የማስታወሻ ደብተራችሁ 40 ዓመት ይቆያል? ከቁርጥራጭ ወረቀት ጀርባ ያለው ሳይንስ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምርቃት ወር ሲደርስ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ደብተር አለ። አንዳንዱ «አውቶግራፍ» ይለዋል፣ አንዳንዱ «ማስታወሻ»። ቅጽል ስምህ ማነው? የምትወጂው ቀለም ምንድን ነው? መጀመሪያ ስንተዋወቅ ምን አሰብክ? እንዲህ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ይጻፉበታል፣ ፎቶ ይለጠፍበታል። ጎበዝ የሆነችው ደግሞ በጽሑፍ ብቻ አታበቃም። አብረው የሄዱበትን የአውቶቡስ ትኬት፣ የካፌውን ሪሲት፣ የተፋቀ የሞባይል ካርድ፣ የደረቀ አበባ፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ ዜና፣ ከእናቷ ድንጉዛ የተረፈች ቁራጭ ጨርቅ ሁሉ ታስገባበታለች። ደብተሩ እየወፈረ እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ በጎማ ካልታሰረ አልዘጋ ይላል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1873 ገጾቹ ላይ አስቀድሞ ሙጫ የተቀባ፣ ውሃ ብቻ ነካ አድርገው ቁርጥራጭ የሚለጥፉበትን ደብተር ፓተንት አስወጥቶበታል። ሰዎች ትናንሽ ወረቀቶችን የማስቀመጥ ፍላጎታቸው የቆየ ነው ማለት ነው።

ዛሬ ግን ስለ ናፍቆት አይደለም የምናወራው። ጥያቄያችን የመሐንዲስ ጥያቄ ነው፦ እናንተ 18 ዓመታችሁ ላይ የሠራችሁት ደብተር 58 ዓመታችሁ ላይ ሲከፈት ምኑ ተርፎ ይገኛል? መልሱ ከዕድል ጋር የሚያያዝ አይደለም። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ የራሱ ኬሚስትሪ አለው፤ አንዳንዱ 3 ዓመት አይሞላውም፣ አንዳንዱ 300 ዓመት ይኖራል። ደስ የሚለው ነገር፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።

ጋዜጣ ለምን ይበጫል?

ከወረቀት እንጀምር። ወረቀት ማለት የተጨፈለቀ የዕፅዋት ጭረት ነው። የጭረቱ ዋና አካል ሴሉሎስ ይባላል። ሴሉሎስ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ የግሉኮስ ሞለኪሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት ነገር ነው። ሰንሰለቱ ረጅም ሲሆን ወረቀቱ ጠንካራ ይሆናል፣ ሰንሰለቱ ሲበጣጠስ ወረቀቱም እንደ ደረቀ እንጀራ መሰባበር ይጀምራል።

እንጨት ውስጥ ግን ሴሉሎስ ብቻውን አይደለም። ሊግኒን የሚባል አጋር አለው። ሊግኒን ዛፍን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም፣ ጭረቶቹን እርስ በርስ የሚያጣብቅ ነገር ነው። ለዛፉ ጥሩ ነው፤ ለወረቀቱ ግን ችግር ነው፤ ምክንያቱም ሊግኒን ብርሃንና ኦክስጅን ሲያገኝ ይለወጥና ቢጫና ቡናማ ቀለም ያላቸውን ውሁዶች ይፈጥራል። ጋዜጣ የሚታተምበት ወረቀት ርካሽ እንዲሆን እንጨቱ በማሽን ተፈጭቶ ነው የሚሠራው፣ ሊግኒኑ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ለፎቶ ኮፒ የምንጠቀምበት ነጭ ወረቀት ግን በኬሚካል ተቀቅሎ ሊግኒኑ እንዲወጣ የተደረገ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ካልሲየም ካርቦኔት (ያው የኖራ ድንጋይ ዱቄት በሉት) ተጨምሮበታል።

ይህን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። አንድ ቁራጭ ጋዜጣና አንድ ቁራጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። በሁለቱም ላይ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ጣል አድርጉባቸው። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ሥራውን ለመሥራት ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ሳምንት ያህል ቆይታችሁ ቁልፉን ስታነሱ ጋዜጣው ላይ የቁልፉ ቅርጽ ነጣ ብሎ፣ ዙሪያው በጭቶ ታገኙታላችሁ። የፎቶ ኮፒ ወረቀቱ ላይ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው።

መበጨቱ ከመልክ ባይዘልል ኖሮ ምንም አልነበረም። ትልቁ ጉዳት ግን አሲድ ነው። ወረቀት ሲያረጅ አሲድ ይፈጠራል፣ አሲዱ ከእርጥበት ጋር ሆኖ የሴሉሎስን ሰንሰለት ይበጥሳል፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ ደግሞ ተጨማሪ አሲድ ይፈጠራል። ራሱን በራሱ የሚያፋጥን አዙሪት ነው። ይባስ ብሎ አሲዱ ተሻጋሪ ነው፤ ጋዜጣው ፊት ለፊቱ ወዳለው ገጽ እየተሻገረ ቡናማ ጥላ ያትምበታል። የድሮ መጽሐፍ ውስጥ የጋዜጣ ቁራጭ ረስታችሁ ከሆነ ያንን አራት ማዕዘን ጥላ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ የጋዜጣ ቁራጭ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው በጥሩ ነጭ ወረቀት ላይ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ኮፒውን መለጠፍ ነው። የፎቶ ኮፒ ማሽን ጥቁር ዱቄት (ቶነር) ካርቦንና ፕላስቲክ ስለሆነ በብርሃን በቀላሉ አይደበዝዝም። ሁለተኛው ዋናውን በነጭ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ለብቻው ማድረግ ነው። ሁለቱንም ብታደርጉ ደግሞ የተሻለ ነው።

ሪሲቱ የት ሄደ?

አንድ ቀላል ሙከራ እነሆ። የሱፐርማርኬት ወይም የካፌ ሪሲት ውሰዱና በጥፍራችሁ በፍጥነትና በኃይል ፈተግ አድርጉት። ጥቁር መስመር ይወጣል። ቀለም የለ፣ እስክሪብቶ የለ፤ ታዲያ ጥቁሩ ከየት መጣ?

ቀለሙ ድሮም ወረቀቱ ውስጥ ነበር። ይህ ወረቀት በሙቀት የሚጻፍበት ወረቀት ነው። ላዩ ላይ ሁለት ነገር ተቀብቷል፦ አንዱ ለጊዜው ቀለም አልባ የሆነ ማቅለሚያ፣ ሌላው ደካማ አሲድ የሆነ አጋሩ። ሲሞቁ ይቀልጡና ይገናኛሉ፤ ሲገናኙ የማቅለሚያው ሞለኪል ቅርጹን ለውጦ ጥቁር ይሆናል። የካሽ ማሽኑ የሚያደርገው ነገር ቢኖር በጥቃቅን ነጥቦች ማሞቅ ብቻ ነው። ጥፍራችሁም በሰበቃ ያንኑ ሥራ ሠራ።

ችግሩ ይህ ጋብቻ የሚፈርስ ጋብቻ መሆኑ ነው። ሁለቱን የሚለያይ ነገር ከመጣ ጽሑፉ ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። የእጅ ቅባት፣ ብርሃን፣ አንዳንድ ሙጫዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለስላሳ ፕላስቲክ ይህን ያደርጋሉ። ብዙ ሰው ሪሲቱን «እንዳይበላሽ» ብሎ በፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ፕላስቲኩ ፒቪሲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ (አዲስ ሲሆን ያ የሚታወቀው ጠንካራ የፕላስቲክ ሽታ ያለው) ውስጡ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል ወደ ሪሲቱ እየተሻገረ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ጠባቂ የተባለው ሌባ ሆኖ ይገኛል። ላሚኔት ይደረግ ብትሉ ደግሞ ይብሳል፤ የላሚኔት ማሽኑ ስለሚያሞቀው ሪሲቱ በሙሉ ጥቁር ይሆናል።

መፍትሔው አንድ ነው፦ በዚያው ሳምንት ፎቶ ኮፒ አድርጉት። ወይም ከጎኑ በእጃችሁ ጻፉት፦ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ምን በላችሁ፣ ስንት ብር ከፈላችሁ። ከ20 ዓመት በኋላ የማኪያቶው ዋጋ ራሱ ታሪክ ይሆናል።

ፕላስተር የሚሉት ጠላት

ሴቻ የምትኖር አንዲት አክስት አለችኝ። ሳጥኗ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አለ፤ በውስጡም በሕይወት የሌለው ታላቅ ወንድሟ ከሩቅ አገር የጻፈላት ደብዳቤ ተለጥፏል። ደብዳቤው እጥፋቱ ላይ መቀደድ ሲጀምር «እንዳይለያይ ብዬ» በግልጽ ፕላስተር መሐል ለመሐል ለጥፋዋለች። በቅንነት የተደረገ ነገር ነው፤ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ዛሬ ፕላስተሩ እንደ ማር ቡናማ ሆኗል፣ ላስቲኩ ተነስቶ ወድቋል፣ ሙጫው ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ከሥሩ የነበሩት ሁለት መስመሮች ጨርሶ አይነበቡም። አክስቴ በቃሏ ታውቃቸዋለች። የልጅ ልጆቿ ግን የሚያውቁት እሷ ስትነግራቸው ብቻ ነው።

ምን ሆነ? ፕላስተር ላይ ያለው ሙጫ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ የተሠራ ፈሳሽ ቢጤ ነው። ስትጫኑት የሚይዘው ለዚህ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይለወጣል፦ መጀመሪያ ይቀልጥና ወደ ወረቀቱ ጭረት ይሰርጋል፣ ኋላ ይደርቅና ቡናማ ሆኖ እዚያው ይቀራል። የእስክሪብቶ ቀለምም በዘይትነት ባሕርይ የተሠራ ስለሆነ ሙጫው ውስጥ ገብቶ ይሰራጫል። ግልጽ ፕላስተር በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ሠሪው ሪቻርድ ድሩ የሚባል የ3ኤም ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ደብዳቤ እንዳበላሸ የሚቆጥረው የለም። የሙት ባሕር ጥቅልሎች የሚባሉት የ2,000 ዓመት ብራናዎች እንኳ አልተረፉም፤ በ1950ዎቹ ቁርጥራጮቻቸውን ሲያገጣጥሙ የነበሩ ምሁራን ፕላስተር ለጥፈውባቸው ነበር፣ የጥገና ባለሙያዎች ያንን ለማስለቀቅ ለአሥርተ ዓመታት ደክመዋል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ካለ አትላጡት። ስትላጡት የወረቀቱን ገጽ ይዞ ይነሳል። መጀመሪያ በጥሩ ብርሃን፣ ከአንድ አቅጣጫ ሳይሆን ከብዙ አቅጣጫ ፎቶ አንሱት። ብርሃኑ ከጎን ጋደም ብሎ ሲመጣ የብዕሩ ጫና የተወው ጎድጓዳ መስመር አንዳንዴ ይታያል። ከዚያ ደግሞ ከአክስቴ ጋር እንዳደረግነው ባለቤቷ በቃሏ የምታውቀውን ተቀምጣችሁ ጻፉ። እኛ በእርሳስ ጽፈን፣ ቀኑን አስገብተን፣ ከደብዳቤው ጎን አስቀምጠነዋል።

ታዲያ በምን እንለጥፍ?

አጭሩ መልስ፦ ባይለጠፍ ይመረጣል። ፎቶዎችንና ትኬቶችን በማዕዘን ኪስ መያዝ ይቻላል። ከነጭ ወረቀት ትንሽ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ኪስ አጥፋችሁ አራቱን ጫፎች አስገቡባቸው፤ ሙጫው የሚነካው ኪሶቹን እንጂ ፎቶውን አይደለም። ፎቶውን ማውጣት ስትፈልጉ ትመዝዙታላችሁ። ከፎቶ ጀርባ ያለ ጽሑፍም ይተርፋል።

መለጠፍ ግድ ከሆነ፣ የጥገና ባለሙያዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ «ምን ያህል ይይዛል?» ሳይሆን «ሲያስፈልግ ይለቃል ወይ?» የሚል ነው። ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ከሚጠቀሙባቸው ማጣበቂያዎች አንዱ እዚሁ ማድ ቤት ያለ ነገር ነው፦ ከስንዴ የሚሠራ ስታርች። በውሃ ተቀቅሎ ሙጫ ይሆናል፣ ከዓመታት በኋላም በእርጥበት ይለቃል። በቤት የምንሠራው የዱቄት ሙጫ የዚህ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ዱቄቱ ውስጥ ፕሮቲንና ብጣሪ ስላለ ነፍሳትና ሻጋታ ይወዱታል። ሙጫውን በስሱ ቀቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከመጠን በላይ አታብዙ። ነጩ ኮላ ይይዛል፣ ግን አንዴ ከደረቀ ከወረቀት ላይ በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ ዳግመኛ ሊገኝ በማይችል ነገር ላይ አትቀቡት።

በምንስ እንጻፍ?

ተራው እስክሪብቶ ቀለሙ ማቅለሚያ ነው፤ ማቅለሚያ በብርሃን ይደበዝዛል፣ አልኮል ሲነካው ይሟሟል። እርሳስ ግን ግራፋይት ነው፣ ማለትም ካርቦን። ካርቦን ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ውሃ አያሟሟውም። በላጲስ እስካላጠፋችሁት ድረስ ከሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው እርሳስ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ይህን አባቶቻችን በተግባር ያውቁት ነበር። የብራና መጻሕፍቶቻችን ጥቁር ቀለም የሚሠራው በዋናነት ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህልና ቅጠል ነው፤ ያው ካርቦን ነው። በአውሮፓ ለዘመናት ይጠቀሙበት የነበረው የብረት ቀለም ግን አሲድነት ስላለው ብዙ ወረቀት በፊደሉ ቅርጽ በልቶ በስቷል። ዓድዋ አካባቢ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የገሪማ ወንጌሎች በካርቦን ዕድሜ ልኬት ሲመረመሩ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ታውቋል። ዛሬም ይነበባሉ። ብራናውም ቀለሙም አያያዙም ድርሻ አላቸው።

የጨርቅና የአበባ ነገር

ድንጉዛ የጋሞ መታወቂያ ነው፤ ቀዩ፣ ጥቁሩና ቢጫው ከሩቅ ይለያል። ቁራጩን ደብተር ውስጥ ማስገባት ለሚያስብ ሰው አንድ ፈተና ብቻ ይበቃዋል፦ በእርጥብ ነጭ ጥጥ ጫፉን ጫን ጫን ማድረግ። ጥጡ ላይ ቀለም ከወጣ፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ገጹን ያቀልመዋል ማለት ነው፤ በሁለት ነጭ ወረቀት መሐል አድርጉት። ካልወጣ በመርፌና በክር ገጹ ላይ ስፉት። ሙጫ ጨርቅ ላይ ሲደርቅ ያደነድነዋልና ክር ይሻላል።

አበባ ላይ ጉዳዩ ውሃ ነው። እርጥብ አበባ በቀጥታ ደብተር ውስጥ ከተቀመጠ ለሻጋታ ድግስ ነው። መጀመሪያ በወረቀት መሐል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፣ ወረቀቱን በየቀኑ ቀይሩ። ሲነኩት ሳይታጠፍ የሚሰበር ሲሆን ያኔ ደርቋል። ቀለሙ ግን በጊዜ ብዛት መሄዱ አይቀርም፤ የአበባን ቀለም የሚሰጡት ሞለኪሎች ለብርሃን ደካማ ናቸው።

ሴቻ ይሻላል ወይስ ጨንቻ?

እንግዲህ ደብተሩ ተሠራ እንበል። የት ይቀመጥ? እዚህ ላይ የጋሞ መልክዓ ምድር ራሱ ቤተ ሙከራ ይሆንልናል።

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ያህል ላይ ነች። ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ሽቅብ ሲወጣ የሚገኘው ጨንቻ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል። የ1,400 ሜትር ልዩነት እንግዲህ ወደ 9 ዲግሪ ይጠጋል። በኬሚስትሪ ደግሞ አንድ የጣት ቆጠራ ሕግ አለ፦ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ለውጦች ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱን ብታያይዟቸው፣ ያው ደብተር ሴቻ ላይ በአሲድ የሚያረጀው ጨንቻ ላይ ከሚያረጀው ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ነው።

«ታዲያ ወደ ጨንቻ እንላከው?» ትሉ ይሆናል። ቆይ! ጨንቻ ጉም አለ። ሻጋታ የሚፈልገው ሙቀት ብቻ አይደለም፣ እርጥበትም ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ አልፎ ለቀናት ከቆየ ወረቀትና ሙጫ ላይ ሻጋታ መብቀል ይችላል። ስለዚህ ደጋው አሲዱን ሲያዘገየው ሻጋታውን ይጋብዛል፤ ቆላው ደግሞ በተገላቢጦሽ። በአርባ ምንጭም ቢሆን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ፣ ከዚያም በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ፣ እርጥበቱ ከፍ ይላል። በዚህ ላይ ምስጥ አለ። ምስጥ ሴሉሎስ ይበላል፤ የወዳጅ ደብዳቤ ይሁን የድሮ ጋዜጣ አይለይም።

ተግባራዊው መልስ ይኸው፦

ደብተሩን ከወለልና ከግድግዳ አርቃችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። የውጭ ግድግዳ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበት ይስባል፣ ምስጥም መንገዱ በወለልና በግድግዳ ነው።

በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ ላይ አታስቀምጡ። ቀን እንደ ምድጃ ይሆናል።

የጫማ ካርቶን ጥሩ ቤት ነው፣ ግን ካርቶኑ ራሱ አሲድ ያለው ሊሆን ስለሚችል ደብተሩን በነጭ ወረቀት ወይም በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት። አዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኙት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች እርጥበት ይመጥጣሉ፤ አትጣሏቸው።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ደረቅ ቀን መርጣችሁ ጥላ ላይ አናፍሱት። ፀሐይ ላይ ግን አይሁን።

ደብተሩ ለምን አፉን ይከፍታል?

አሁን ወደ እኔ ሙያ መጣን። የማስታወሻ ደብተር ከጊዜ በኋላ እንደ ቪ ፊደል የሚከፈተው፣ ጀርባው የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው? ሒሳቡን እንሥራ።

አንድ ተራ ሉክ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለሒሳቡ እንዲመች 48 ሉክ ያለው ደብተር እንውሰድ። ጀርባው 48 × 0.1 = 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ የታጠበ ፎቶ ውፍረቱ ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ሉክ ላይ አንድ ፎቶ ብታደርጉ 48 × 0.25 = 12 ሚሊ ሜትር ተጨመረ። የደብተሩ አፍ 16.8 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይፈልጋል፣ ጀርባው ግን 4.8 ላይ ታስሯል። ልዩነቱን የሚሸከመው ስፌቱ ነው፤ ሲበዛበት ይለቃል።

መፍትሔው ጀርባውንም ማወፈር ነው። በደብተሩ ውስጥ ከሦስት ሉክ አንዱን ተዉና ሁለቱን በመቀስ ቁረጡ፤ ከጀርባው በኩል ግን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅሪት ይኑር። አሁን 16 ሙሉ ሉክና 32 ቅሪት አላችሁ። ጀርባው ያው 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። አፉ ደግሞ 16 × 0.1 እና 16 × 0.25 ሲደመር 5.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ደብተሩ ቀጥ ብሎ ይዘጋል።

«ሉኩን ሙሉ በሙሉ ብንገነጥለውስ?» አይሆንም። በመሐል የተሰፋ ደብተር ላይ እያንዳንዱ ሉክ በእጥፋቱ ማዶ ጓደኛ አለው፤ ሁለቱ አንድ ወረቀት ናቸው። አንዱን ስትገነጥሉ ጓደኛው የሚይዘው አጥቶ ይወድቃል። ትምህርት ቤት ከደብተር መሐል ወረቀት የገነጠለ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሌላው ነገር የብረት ሽቦው ነው። ስቴፕለሩ በእርጥበት ይዝጋል፣ ዝገቱ ወረቀቱን ያቀልማል፣ ይበላዋልም። በጥንቃቄ አውጡትና በጥጥ ክር ስፉት። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በእጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ ይኑር፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ከውስጥ ተነስታችሁ በመሐሉ ወደ ውጭ ውጡ፣ በላይኛው ወደ ውስጥ ግቡ፣ በውስጥ በኩል መሐሉን አልፋችሁ በታችኛው ወደ ውጭ ውጡ፣ በመሐሉ ወደ ውስጥ ተመለሱ። ሁለቱን የክር ጫፎች በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ቋጥሩ። አለቀ።

ክሩን አትናቁት። የኢትዮጵያ የብራና መጽሐፍ የሚጠረዘው ብራናው በየክፍሉ ታጥፎ፣ ክፍሎቹ በሰንሰለት ስፌት ተያይዘው፣ ከዚያም እንደ ወይራና ዋንዛ ካሉ ዛፎች በተጠረበ እንጨት መሐል ገብቶ ነው። ጀርባው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሙጫ የለውም። ሙጫ ስለሌለው አይደርቅም፣ አይሰነጠቅም፣ ሲከፈት ለጥ ብሎ ይተኛል። ክሩ ቢበጠስ እንደገና መስፋት ይቻላል። መጽሐፉ ማኅደር በሚባል የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከወለልም ከብርሃንም ራቀ ማለት ነው። ከላይ በረጅሙ ያስረዳነውን ግማሹን አሠራሩ አስቀድሞ መልሶታል።

ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ስልካችሁ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ አለ። ፋይል አይበጭም፣ አይሻግትም። የሚጠፋው ግን በሌላ መንገድ ነው፦ ስልኩ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባዋል፣ የይለፍ ቃሉ ይረሳል። ወረቀት ቀስ እያለ ነው የሚጎዳው፣ እያያችሁት። ፋይል ግን ወይ ሙሉ አለ ወይ ጭራሽ የለም። ሁለቱ የሚወድቁበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ሁለቱንም መያዝ ብልህነት ነው። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱና ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን፣ ለምሳሌ ሌላ ከተማ ያለ የቤተሰብ አባል ጋ።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ኬሚስትሪ አያድንላችሁም። ቤት ያለውን የድሮ አልበም ክፈቱ። ፎቶዎቹ ደህና ናቸው፣ ሰዎቹም በደንብ ይታያሉ፤ ከግራ ሦስተኛው ሰውዬ ማነው ስትሉ ግን የሚመልስ ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ማታ አያታችሁ ወይም አክስታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉ፣ ለስለስ ያለ እርሳስ ያዙ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ጠርዝ ላይ ሳትጫኑ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ጻፉ። እርሳሱ ከፎቶውም ከእኛም ዕድሜ በላይ ይቆያል፤ የምትጠይቋቸው ሰዎች ግን ሁልጊዜ አጠገባችሁ አይኖሩም።